እጄን የደበቅሁበት ጋቢ

ሥራ ፈጣሪ ሰው ስድስት ባሕርያት ያስፈልጉታል ተብለን ተማርን። ድፍረት፣ ጽናት፣ ዕድልን ቀድሞ ማየት፣ ከስሕተት መማር፣ ከሰው ጋር መግባባት እያልሁ ደብተሬ ላይ ጻፍኋቸው። ስድስተኛውን ረስቼዋለሁ። ደብተሩም የለም፤ ሚስቴ ምድጃ አቀጣጥላበታለች። በዚህ አላዘንሁባትም።

ስልጠናው ደብረ ታቦር ውስጥ፣ በአንድ አዳራሽ፣ ለሦስት ቀን የተሰጠ ነበር። አሠልጣኙ ከአዲስ አበባ የመጣ፣ አንደበቱ የተፈታ ጨዋ ወጣት ነው፤ ግን ስለ ጉና ብርድ የነገረው ሰው ስላልነበረ በስስ ሸሚዝ ብቻ መጣ። ጊዜው ክረምት ነው፤ ጉሙ አዳራሹ ውስጥ ድረስ ይገባል። ልጁ ሰሌዳው ላይ "ድፍረት" ብሎ ሲጽፍ እጁ ይንቀጠቀጥ ነበር። በመጨረሻ አላስችል አለውና፣ "ይቅርታ አድርጉልኝ፣ ለአንድ አፍታ ጋቢ የሚያውሰኝ ይኖራል?" ብሎ ቀና ሲል ዓይኑ እኔ ላይ ዐረፈ። ፊት ለፊቱ የተቀመጥሁት እኔ ነኝ፤ የለበስሁትም ወፍራም ጋቢ ነው። እኔ ግን ጋቢዬን ይበልጥ ሰብስቤ ያዝሁት። በአገራችን ብርድ የመታውን እንግዳ እያዩ ጋቢ መንፈግ ምን ማለት እንደሆነ ለማንም ማስረዳት አያስፈልገኝም። አጠገቤ የነበረች ሴት የራሷን አውልቃ ሰጠችው፤ እኔንም በጎን ገላመጠችኝ።

ንፉግ ሆኜ አልነበረም። ጋቢው ውስጥ እጄን ደብቄ ነበር።

ቀጥሎ ራሳችሁን አስተዋውቁ ተባልን። ጋቢዋን የሰጠችው ሴት ተነሣችና፣ "መናኸሪያው በር ላይ ድንች እጠብሳለሁ። ድንቹን ከገሳይ ነው የማመጣው። የቀመሰ ሰው ይመለሳል" ብላ ተቀመጠች። ተጨበጨበላት። ተራው የኔ ሆነ። ዘጠኝ ዓመት ክፍል ውስጥ ቆሜ ኬሚስትሪ ያስተማርሁ ሰው፣ እጄን ከጋቢዬ ሳላወጣ፣ "እኔ እንግዲህ … በቆዳ ውጤቶች ዘርፍ ተሰማርቻለሁ" አልሁ። አሠልጣኙ ደስ አለውና "ፋብሪካ ነው?" ብሎ ጠየቀኝ። "እንደዚያ በለው" ብዬ ተቀመጥሁ። ፋብሪካ እቴ! ወንዝ ዳር ያለች በቆርቆሮ የተከደነች አንዲት ዳስ፣ አምስት በርሜልና አንድ ቢላዋ። ድንች ጠባሿ ወደኔ ጠጋ ብላ አየሩን አሽተት አሽተት አደረገችና ፈገግ አለች። ነገሩ ሳይገባት አልቀረም።

አሁን ጨክኜ ልጻፈው። እኔ ቆዳ ፋቂ ነኝ። የበግ ቆዳ ከነጸጉሩ አልፍቼ፣ ለወንበርና ለአልጋ የሚነጠፍ አጎዛ እሠራለሁ። ዛሬ ይህን ስጽፍ ብዕሬ አይደናቀፍም፤ ያን ጊዜ ግን ቃሉን ለራሴም በሹክሹክታ ነበር የምናገረው። በኛ አገር እርሻ ክብር አለው፣ ቅስና ክብር አለው፣ የመንግሥት ሥራም ክብር አለው። ሸክላ የሚሠራ፣ ብረት የሚቀጠቅጥ፣ ቆዳ የሚፍቅ ሰው ግን የእጁን ሥራ አገር ሁሉ ይፈልገዋል፤ እጁን የሚጨብጠው የለም። ያለማረሻ የሚያርስ ገበሬ አላየሁም፤ ቀጥቃጩን የማይንቅ ገበሬ ያየሁትም ከስንት አንድ ነው።

የጀመርሁት በአንድ የፋሲካ ማግስት ነው። በልጅነታችን በዓል ባለፈ ቁጥር "ቆዳ ያለው! ቆዳ!" እያለ በየደጁ የሚዞር ነጋዴ ነበር። ኋላ የቆዳ ገበያ ወደቀና የሚዞረውም ሰው ቀረ። ያን ጠዋት ዳቦ ልገዛ ስወጣ በየአጥሩ ሥር የበግ ቆዳ ተጥሎ አየሁ፤ ከፊሉን ውሻ ይጎትተዋል፣ ከፊሉ ቦይ ዘግቶ ውኃ አቁሯል። ብርድ ያበቀለው ያ የደጋ በግ ጸጉር ጭቃ ለብሶ ተኝቷል። ቁጣ ያዘኝ። ማንን እንደተቆጣሁ አላውቅም፤ ብቻ ተቆጣሁ። እኔ ደግሞ ስቆጣ አርፌ አልቀመጥም። ቁጣ ከስድስቱ ባሕርያት ውስጥ የለበትም፤ እኔን ቢጠይቁኝ መጀመሪያ የምጽፈው እሱን ነበር። ዳቦውን ትቼ ሦስት ቆዳ ተሸክሜ ገባሁ። ሚስቴ አፍንጫዋን ይዛ፣ "ምረጥ! ወይ እኔ ወይ እሱ!" አለችኝ። ሁለታቸውንም መረጥሁ፤ ቆዳውን ግን ወንዝ ዳር አወረድሁት።

የመጽሐፍ ኬሚስትሪ ቆዳ አያለፋም። ሦስቱም ቆዳ ጸጉሩ እየተመለጠ ተበላሸብኝ። ያኔ ነው ከከተማው ጠርዝ፣ ዕድሜ ልካቸውን ጠፍርና ስልቻ ሲሠሩ ወደኖሩ አንድ ሽማግሌ ዘንድ የሄድሁት። ፋቂ ከሚባሉት ወገን ናቸው። ሳይሰስቱ አስተማሩኝ። ጨው እንዳልቆጥብ፣ የገብስ ዱቄት እርሾ እንዴት እንደሚደረግለት፣ ሥጋውን በርጥቡ እንዴት እንደምፍቅ አሳዩኝ። አንድ ቀን እጄን በሎሚ እያሸሁ፣ "ይኸ ሽታ አይለቅም እኮ" ብዬ አማረርሁ። ሽማግሌው ቢላዋቸውን እየሳሉ ቀና ሳይሉ፣ "አንተስ ስትታጠብ ይለቅሃል" አሉኝ።

ሎሚውን አስቀመጥሁ። እኔ ውርደት የወረደብኝ መስሎኝ የማለቅሰውን እሳቸው ተወልደውበታል። ይህን ሰምቼ ሰው ልሆን ይገባኝ ነበር፤ አልሆንሁም። ያን ያህል አስተምረውኝ አንድ ቀን ቤቴ ጠርቼ እህል አላቀመስኋቸውም። ሰው ያያላ!

ከዓመት በኋላ የምሠራው አጎዛ ገዢ እያገኘ ሲመጣ ማስተማሩን በደብዳቤ ለቀቅሁ። ለሚስቴ ነገርሁ። ለአባቴ አልነገርሁም።

አባቴ መሪጌታ ናቸው። ከገሳይ ወረድ ብሎ ባለ አንድ የገጠር ደብር ያገለግላሉ። ለሳቸው መምህር ማለት ደመወዝተኛ ማለት አይደለም፤ ማዕረግ ነው። እኔ ኬሚስትሪ ማስተማሬን እሳቸው ዜማ ከማስተማራቸው ለይተው አያዩትም ነበር። ከቅዳሴ በኋላ ሰው ሲጠይቃቸው፣ "ልጄ ደብረ ታቦር መምህር ነው" ሲሉ አንገታቸው ቀና ይላል። እናቴ ከሞተች ወዲህ ይህች አንገት ቀና ማለት ከቀሩላቸው ደስታዎች አንዷ ነበረች። ሄጄ "መምህርነቱን ትቼ ፋቂ ሆኛለሁ" ልበላቸው? አልቻልሁም። እነዚያ ስድስቱ ባሕርያት አንድ ላይ ቢደመሩም ለዚህች ለአንዲት ዓረፍተ ነገር አልበቁኝም።

ስለዚህ ዋሸሁ። ልጠይቃቸው በሄድሁ ቁጥር የድሮ ኮቴን ለብሼ፣ ደረት ኪሴ ላይ እስክርቢቶ ሰክቼ፣ ከላይ ጋቢ ደርቤ እሄዳለሁ። ጣቶቼን ጨው በልቷቸዋል፤ ጥፍሮቼ ሥር የገባው ነገር በምንም አይለቅም። ጉልበታቸውን ስሜ እንደተነሣሁ እጄን ጋቢዬ ውስጥ እከታለሁ። "ተማሪዎችህ እንዴት ናቸው?" ይሉኛል። "ደኅና ናቸው፤ አይሰሙም እንጂ" እላለሁ። የዘንድሮ ልጆች ማጥናት እንደጠሉ ከሳቸው ጋር እኩል አማርራለሁ። አንድ ጊዜማ ፈተና አርማለሁ ብዬ ለበዓል ሳልሄድ ቀርቻለሁ። ውሸትና ስንቅ እያደር ይቀላል ይላሉ፤ ያን የሚል ሰው የኔን ውሸት ተሸክሞ ዳገት አልወጣም።

ሚስቴ ሁኔታዬ ሲሰለቻት፣ "አንተ ሰውዬ፣ ሌብነት እኮ አይደለም። ንገራቸውና ይውጣልህ" ትለኛለች።

"ይሞቱብኛል።"

"አይሞቱም። በቁምህ እየሞትህ ያለኸው አንተ ነህ።"

በሥራውም በዚያው ሰሞን አንድ ችግር ይዞኝ ነበር። ቆዳው ሲደርቅ ጠርዙ ይኮማተራል፤ መሀሉ እንደ ሳንቃ ይገተራል። ሳንቃ ላይ በሚስማር ወጥሬ አደርቀዋለሁ፣ ያው ነው። ሽማግሌው ያስተማሩኝ የጠፍርና የስልቻ ሥራ ነው፤ ለምንጣፍ የሚሆን ሰፊ ቆዳ ሳይጨማደድ ማድረቅ የሳቸውም ሙያ አልነበረም። ባሕር ዳር የእንግዳ ማረፊያ ያለው አንድ ሰው ስድስት አጎዛ ወስዶ ሁለቱን አስቀረና አራቱን መለሰልኝ። እኔ ግን አራቱ ከመመለሳቸው ይልቅ ነገሩ አባቴ ጆሮ እንዳይደርስ ነበር ጭንቀቴ። ሰው ጭንቀቱን ሁሉ አንድ ቦታ ሲያውለው ለሥራው የሚተርፍ ጭንቅላት አይኖረውም።

ከስልጠናው ጥቂት ወራት በኋላ፣ ኅዳር ውስጥ፣ በአንድ ማክሰኞ ከቀትር በኋላ እጄን እስከ ክርኔ በርሜል ውስጥ ከትቼ ቆዳ ሳገላብጥ የባጃጅ ድምፅ ሰማሁ። ቀና ስል አባቴ ናቸው። ነጭ ጥምጥማቸውን ጠምጥመው፣ መቋሚያቸውን እየተመረኮዙ ቁልቁለቱን ይወርዳሉ። ዓይኔ ጋቢዬን ፈለገ። ጋቢዬ የዳሱ ምሰሶ ላይ ተሰቅሏል፤ አባቴ መጥተው የቆሙት በኔና በጋቢው መካከል ነው።

"እንደምን ዋልህ" አሉኝ።

"እግዚአብሔር ይመስገን። እንደምን ዋሉ፣ አባ?"

"እኔማ ደኅና አልዋልሁም። ዳዊቱ አልታይ ቢለኝ መነጽር ላሠራ መጣሁ። ስልክህ አይነሣም። ከትምህርት ቤትህ ሄጄ ዘበኛውን 'መምህር ልጄን ጥራልኝ' አልሁት።" መቋሚያቸውን መሬቱ ላይ ተከሉት። "አየኝና አዘነልኝ። 'አባቴ፣ እሳቸው እኮ ከለቀቁ ቆዩ' አለኝ። ባጃጁን የጠራልኝ እሱ ነው። ባለባጃጁም የት ነው ብሎ አልጠየቀኝም፤ ቀጥ አድርጎ እዚህ አመጣኝ። አገር የሚያውቀውን እኔ ከዘበኛ ልስማ?"

እግራቸው ላይ ልወድቅ ጎንበስ አልሁ። መቋሚያቸውን በመካከላችን አደረጉና፣ "ተው፤ ልብሴን ታበላሸዋለህ" አሉ። እውነት ነው፣ ከእጄ ላይ እየተንጠባጠበ ነበር። እኔ ግን ልብሳቸውን ሳይሆን ራሳቸውን እንዳልነካቸው የከለከሉኝ መሰለኝ። አለቀልኝ አልሁ በልቤ። የፈራሁት ቀን ይኸው ደረሰ፤ አባት የለኝም።

ትተውኝ ወደ ተወጠሩት ቆዳዎች ሄዱ። ዓይናቸው ስለደከመ ተጠግተው በአውራ ጣታቸው ይዳብሱ ጀመር። አንዱን ዳበሱ፣ ሁለተኛውን ዳበሱ፣ ሦስተኛው ዘንድ ቆሙ።

"ይኸ ደርቋል" አሉ።

"አዎ፣ አባ።"

"በሚስማር ወጥር ያለህ ማን ነው?"

"ማንም አላለኝም።"

"ለዚህ ነዋ! ሚስማር ይቀደዋል እንጂ ይወጥረዋል? ቆዳ ሲደርቅ ይሸሻል፤ አንተ እየተከተልህ ትይዘዋለህ እንጂ ቸንክረኸው ትሄዳለህ? ጠንከር ያለ ገመድ አለህ? አራት እንጨትም ፈልግ።"

ገመድና እንጨት እስካመጣ ድረስ ጋቢያቸውን አውልቀው ከኔ ጋቢ በላይ ሰቀሉት። እንጨቱን በአራት ማዕዘን አሳሰሩኝ። ከበርሜሉ አንድ ርጥብ ቆዳ አስወጥተው፣ ዳሩን በእኩል በእኩል ርቀት እየበሱ ገመድ አስገቡበትና ዙሪያውን ከእንጨቱ ጋር ወጠሩት። በየገመዱ ትንሽ ትንሽ እንጨት ሰክተው ሲያዞሩት ቆዳው እንደ ከበሮ ተወጠረ። ከዚያ ቢላዋዬን ተቀበሉ፣ ስለቱን በጥፍራቸው ሞከሩት፣ "ይኸም ቢላዋ ነው!" አሉና ድንጋይ ላይ ሳሉት። መፋቅ ጀመሩ። ከላይ ወደ ታች፣ ረጋ ብለው፣ አንዴም ሳይቧጭሩት። ያ ሁሉ ዓመት ጸናጽል ሲይዝ ያየሁት እጅ ነው።

"የበግ ቅባቱ ያስቸግራል" አሉ እየፋቁ። "እኛ ፍየል ነበር የምንመርጥ።"

"እናንተ? እናንተ እነማን?"

"እኛ የቆሎ ተማሪዎቹ ነና። ዳዊት ምን ላይ ተጽፎ መስሎሃል፣ ደመና ላይ?"

አባቴ የጻፉት ዳዊት ቤታችን ውስጥ ተሰቅሎ ነው ያደግሁት፤ ጠዋት ጠዋት ተሳልሜዋለሁ። ብራና የፍየል ቆዳ እንደሆነ አውቃለሁ፤ ማን የማያውቅ አለ? ቆዳውን ግን አንድ ሰው ወንዝ ወርዶ እንደነከረው፣ እንደወጠረው፣ እየገማው እንደፋቀው አንድም ቀን አስቤ አላውቅም። ያ ሰው አባቴ እንደሆነማ ጭራሽ።

"ደበሎ ለብሼ፣ ቁራሽ ለምኜ፣ ከሰዓት በኋላ ብራና እፍቅ ነበር" አሉ። "ጣቴ እንዳሁኑ የአንተ ጣት ነበር። መቼም እንዲህ ነው።" እጄን ያዙና ገልብጠው አዩት። እንጨቱን አስሬ ከጨረስሁ ጀምሮ እጄን ከኋላዬ አድርጌ ቆሜ እንደነበር ያወቅሁት ሲስቡት ነው።

ከዚያ መፋቁን አቆሙና ወደ ወንዙ አዩ። "ከተማሪ ቤታችን በታች ቆዳ የሚፍቅ ሰው ነበረ። ወንዙ አንድ ነው፤ እኔ ከላይ እነክራለሁ፣ እሱ ከታች ይነክራል። እኔ ፍቄ ፍቄ የኔታ ተባልሁ። እሱ ፋቂ እንደተባለ ሞተ። አምስት ዓመት አንድ ወንዝ ስንወርድ አንድ ቀን እንደምን አደርህ አላልሁትም። ያን ጊዜ ነውር አይመስለኝም ነበር።"

ሳቅም ልቅሶም በአንድ ጊዜ መጣብኝና ጨዋማ እጄን ዓይኔ ውስጥ ከተትሁት፤ ዓይኔ ተቃጠለ፣ ይባስ አለቀስሁ። ቀለለኝ። በአማርኛ ከዚህ የተሻለ ቃል አላገኘሁለትም፤ ቀለለኝ። ሁለት ዓመት ሙሉ ተማሪ የለኝ፣ ፈተና የለኝ፣ ለማን ስል ነበር ያን ሁሉ የተሸከምሁት?

አባቴ ግን ቶሎ የሚበርዱ ሰው አይደሉም። "በቆዳው የተቆጣሁ አይምሰልህ" አሉኝ። "በውሸቱ ነው። ያ ዘበኛ እንዴት እንዳዘነልኝ አልረሳውም።"

"ይቅር ይበሉኝ፣ አባ።"

"እግዚአብሔር ይቅር ይበልህ። በል አሁን መነጽሬን አሠራልኝ።"

መነጽሩን አሠርተን ቤት ስንገባ ሚስቴ ሁለታችንንም አየችን፤ ሁለታችንም ያን ሽታ እንሸታለን። ሳቀች። "በሉ ሁለታችሁም ታጠቡ" ብላ ውኃ አመጣች። አባቴ ምራታቸው እጃቸውን ስታስታጥባቸው፣ "ሎሚ ይኖራል?" ብለው ሲጠይቁ እሷም እኔም ሳቃችንን መያዣ አጣን።

ማታውን ሥራውን ማን እንዳስተማረኝ ጠየቁኝ። ነገርኋቸው። "ቤትህ መጥቶ ያውቃል?" አሉኝ። አያውቁም አልሁ። ጋቢያቸውን ተከናንበው ተኙ። ጠዋት ግን ወደ መናኸሪያ ልሸኛቸው ስነሣ መጀመሪያ ወደ ሽማግሌው ቤት እንድወስዳቸው አዘዙኝ። ሽማግሌው የጠመጠመ ካህን ደጃቸው ሲቆም ምን እንደሚሆኑ ጠፋቸው፤ ለመሳለም ጎንበስ አሉ፣ ወዲያው ደግሞ ወደ ኋላ አፈገፈጉ። አባቴ ደጃፉ ላይ ያለችው መደብ ላይ ዐረፍ አሉና፣ "ልጄን ስላስተማርህልኝ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ውኃ ጠምቶኛል" አሉ። ሽማግሌው ወዲያና ወዲህ አዩ። በነሱ ዕቃ ሰው ውኃ እንደማይጠጣ የሚያውቁት ከኛ ይልቅ እነሱ ናቸው። ኋላ በጣሳ አመጡ። አባቴ ባርከው እስከ ታች ጠጡት። ለአንድ ጣሳ ውኃ ያን ያህል መዘግየታችን ለኔም ለአባቴም የገባን በዚያች ጠዋት ነው። ሽማግሌው በሳምንቱ እኔ ቤት ምሳ በሉ፤ እኔም እሳቸው ቤት በላሁ። ይህን ለመመስገን አይደለም የምጽፈው፤ የሚመሰገን ሰው ቀድሞ ያደርገው ነበር።

ቆዳው ያን ቀን በተማርሁት መንገድ ተወጥሮ ሲደርቅ ጠርዙ አልተኮማተረም። ውኃው እየለቀቀው ሲሄድ ገመዱን ትንሽ ትንሽ እያጠበቅሁ መከተል ነው፤ ሌላ ምሥጢር የለውም። የባሕር ዳሩም ሰው ያን ጊዜ የላክሁለትን አልመለሰም።

ያ ወጣት አሠልጣኝ ተመልሶ ቢመጣ ሁለት ነገር አደርግለት ነበር። መጀመሪያ ጋቢዬን እሰጠዋለሁ። ቀጥሎ፣ ሰሌዳው ላይ ምንም ከመጻፉ በፊት እያንዳንዳችንን አስነሥቶ የምንሠራውን ሥራ በግልጽ አማርኛ እንድንናገር እንዲያደርገን እለምነዋለሁ። ድንች ጠባሿ ያንን ስለቻለች የቀረውን ሁሉ አያቅታትም። እኔ ያቃተኝ እሱ ነበርና ድፍረቱም ጽናቱም እጄን መደበቂያ ሆነው አለቁ።

ይሁንና እኔም ገና አንድ ቦታ ይቀረኝ ነበር፤ አገሬ።

ከጥምቀት በኋላ ባለ አንድ እሑድ ከአባቴ ጋር በደብራቸው አስቀድሼ፣ ቅዳሴው ሲያልቅ ለሰንበቴው ደጀ ሰላም ገባን። ሽማግሌዎቹ በየተራቸው ተቀመጡ። በስተግራ በኩል የክርስትና አባቴ አሉ። ምላሳቸው ስለት ነው፤ አንድ ጊዜ ስም ካወጡለት ሰውየው በዚያው ስም ይቀበራል። በልጅነቴ ከጅብ ይልቅ የምፈራው እሳቸውን ነበር፤ እውነቱን ለመናገር ያኔም ፍርሃቱ አልለቀቀኝም። እንደልማዴ ጋቢዬን እስከ አገጬ ሰብስቤ ተቀመጥሁ።

"መምህሩ መጣህ?" አሉኝ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው። "ተማሪዎችህ እንዴት ናቸው?"

አባቴን አየኋቸው። አዲሱ መነጽራቸው አፍንጫቸው ላይ ነው። አላገዙኝም፤ መቋሚያቸውን አገጫቸው ሥር አድርገው እንደሌላው ሰው መልሴን ይጠብቃሉ። "ደኅና ናቸው፤ አይሰሙም እንጂ" የሚለው የድሮ መልስ ምላሴ ጫፍ ላይ ደርሶ ነበር።

"ማስተማሩን ትቻለሁ፣ አባባ" አልሁ። "ቆዳ እፍቃለሁ። አጎዛ ነው የምሠራው።"

ዳቦ የሚቆርሰው ሰው ቢላዋውን እንደያዘ ቀረ። የክርስትና አባቴ ወደ አባቴ ዞሩ፤ መሪጌታው ልጃቸው ያለውን ሰምተው እንደሆነ ሊያዩ ይመስለኛል።

"በዕድሜው ሳለሁ ብራና ስፍቅ" አሉ አባቴ፣ ለኔ ሳይሆን ለሁሉም፣ "እጄ የሱን ያህል አልተካነም ነበር።"

የክርስትና አባቴ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። የሚያወጡልኝን ስም ጠበቅሁ።

"አጎዛ ነው ያልኸው?" አሉ። "ወፍራም ይወጣልሃል? ወገቤን ብርድ ጨረሰኝ እኮ፣ ልጄ።"

ሰው ሁሉ ሳቀ። አባቴም ሳቁ፤ ጥርሳቸውን ካየሁት ቆይቼ ነበር። ዳቦ ቆራሹም ሥራውን ቀጠለና ቁራሹን ይዞ እኔ ዘንድ ደረሰ። የተባረከ ዳቦ በአንድ እጅ አይቀበሉትም። ሁለቱንም እጆቼን ከጋቢዬ አውጥቼ ዘረጋኋቸው። ጋቢው ከትከሻዬ ወረደ፤ አላነሣሁትም።